አሮጌውን ሳይክል ማደስ ወይስ አዲስ መግዛት? ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚለካው ይለካ

በአዲስ አበባ ኮሪደር ልማቱ ካመጣቸው መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ከተዘረጋ ወዲህ፣ ዓመታት ጓሮ ቆሞ የኖረ ሳይክል ሁሉ አቧራው እየተራገፈለት ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ድሮም ሳይክል አልተዉም። ጥያቄው ግን የትም አንድ ነው፤ ይህን አሮጌ ላድሰው ወይስ ትንሽ ጨምሬ አዲስ ልግዛ? ብዙ ሰው መልሱን የሚያገኘው ግማሹን ገንዘብ ካወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጎማ ይገዛል፣ ከዚያ ፍሬን ያስቀይራል፣ ከዚያ ቸርኬው ጠማማ መሆኑ ይነገረዋል፣ በመጨረሻ ፍሬሙ ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ነገሩ ከዚህ በተቃራኒ ቢኬድ ይሻላል፤ ሊለወጥ የማይችለው አስቀድሞ ይታይ፣ በየጊዜው የሚያልቀው ለመጨረሻ ይቆይ።

ሊለወጥ የማይችለው ፍሬሙ ነው። ሳይክሉን ገልብጣችሁ በኮርቻውና በመሪው አቁሙት። ጭቃውንና የደረቀውን ግሪስ ናፍጣ በነካው ጨርቅ ጥረጉና በስልክ መብራት መጋጠሚያዎቹን እዩ፦ የመሪው አጭር ቱቦ ከታችኛው ቱቦ ጋር የተበየደበትን፣ የፔዳሉ ፔርኖ የሚያልፍበትን ቱቦ ዙሪያ፣ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበትን አፍ፣ የኋላው ጎማ ፔርኖ የሚታሰርበትን ጆሮ። በብረት ፍሬም ላይ ስንጥቅ የሚጋለጠው በዝገት ነው። ቀለሙን ሰንጥቆ የወጣ ቀጭን ቡናማ መስመር ካያችሁ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ከሥሩ ያለው ብረት ንጹሕ ከሆነ የተሰነጠቀው ቀለሙ ብቻ ነው፤ መስመሩ ብረቱም ላይ ከቀጠለ ግን የተሰነጠቀው ፍሬሙ ራሱ ነው። ታችኛው ቱቦ ከመሪው ሥር ሦስት አራት ጣት ያህል ወረድ ብሎ ካበጠ ወይም ከተጨማደደ ደግሞ ሳይክሉ ከፊት ተጋጭቷል ማለት ነው። ያ ቢቃናም አይታመንም።

ፍሬሙ ብረት ይሁን አሉሚኒየም ማግኔት አስጠግታችሁ ለዩ፤ ውሳኔው ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ብረት ከሆነ የኋላው ጆሮ ላይ ያለ ስንጥቅ በጥሩ በያጅ ይመለሳል። አሉሚኒየም ሲበየድ ግን ሙቀቱ በዙሪያው ያለውን ያለሰልሰዋል። ብዙ ፋብሪካዎች ፍሬሙን ከበየዱ በኋላ እንደገና በምድጃ የሚያጠነክሩት ለዚህ ነው። የሰፈር ብየዳ ቤት ያ ምድጃ ስለሌለው ከብየዳው ጎን ቆይቶ እንደገና ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ፍሬም ላይ አንድ ብር አታውጡ። ኮርቻውን፣ ፔዳሉን፣ ደህና ጎማ ካለው ጎማውን ፍቱና ለሚቀጥለው ሳይክል አስቀምጡ።

በኮርቻው ቱቦ አፍ ላይ የሚመጣው ስንጥቅ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። የኮርቻው ዘንግ ላይ «ከዚህ በላይ አታውጣ» የሚል መስመር ተቀርጾበታል። ረጅም ሰው በትንሽ ፍሬም ሲነዳ ዘንጉን ከመስመሩ አሳልፎ ያወጣዋል፤ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ስለሆነ የሰውየው ክብደት በሙሉ የቱቦውን አፍ እየወዘወዘ ይከፍተዋል። ዘንጋችሁ ከመስመሩ ካለፈ፣ ስንጥቅ ባይታይም መልሱ ታውቋል፤ ፍሬሙ ለእናንተ ትንሽ ነው። ረዘም ያለ ዘንግ መግዛት ስንጥቁን ያስቀራል እንጂ ከኮርቻ እስከ መሪ ያለውን ርቀት አያረዝመውም። ለመሞከር ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች በወረደው ፔዳል ላይ አድርጉ፤ ዳሌ ሳይጋደል ጉልበት ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። በዚህ ከፍታ መስመሩ ከታየ ሳይክሉን በቁመት ለሚመጥነው ሰው ሽጡ።

መሪው ወይም የኮርቻው ዘንግ ዝጎ ተጣብቆ ከሆነ አስለቅቃችሁ ካላያችሁት በስተቀር ምንም አትወስኑ። በአሮጌ ሳይክሎች ላይ መሪውን የያዘው ውስጥ ያለ ሽብልቅ ነው። ከላይ ያለውን ቡሎን ሦስት አራት ዙር ብቻ ፍቱ፣ እንጨት ደርባችሁ ቡሎኑን በመዶሻ ወደ ታች ምቱት፤ ሽብልቁ ይለቃል። ቡሎኑን ነቅሎ አውጥቶ መሪውን በጉልበት መጠምዘዝ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ሽብልቁ እዚያው ተወጥሮ ይቀራል።

ፍሬሙ ካለፈ ወደ ጎማው እንሂድ። ዕቃ ቤት ሄዶ «የ26 ጎማ አለ?» ማለት ግማሽ ጥያቄ ነው። ጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፣ ለምሳሌ 50-559። የመጀመሪያው የጎማው ውፍረት ነው፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። የተራራ ሳይክል 26 ኢንች 559 ነው። 26 × 1 3/8 የተባለው የድሮ የከተማ ሳይክል ግን 590 ነው፤ 31 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፣ በጉልበትም በሳሙናም አይገባም። 28 ኢንች የሚባለውም ሁለት ዓይነት ነው። ያገለገሉት የአውሮፓ ሳይክሎች አብዛኛውን ጊዜ 622 ናቸው፤ ቁልቁል በብረት ዘንግ የሚጎተት ፍሬን ያላቸው እንደ ፊኒክስ ያሉ የቻይና ሳይክሎች ደግሞ 28 × 1 1/2፣ ማለትም 635። የሁለተኛውን ቁጥር ጎማ በምትኖሩበት ከተማ ማግኘት መቻል አለመቻላችሁን አሁን አረጋግጡ። ጎማ የማይገኝለት ሳይክል ፍሬሙ ምን ቢያምር ዋጋ የለውም።

ቸርኬውን አንጠልጥላችሁ አሽከርክሩትና ከፍሬኑ ጫማ ጋር አስተያዩት። ወደ ጎን የሚወዛወዘው እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ራጂ፣ ማለትም ከመሐል እስከ ቸርኬው የተወጠሩትን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ በማጥበቅና በማላላት ይስተካከላል፤ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ። በጉድጓድ ተመትቶ ወደ ውስጥ የገባ ቸርኬ ግን በራጂ አይመለስም። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከሆነ ፍሬኑ የሚይዝበትን ጎን ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስደግፉ፤ መሐሉ ጎድጉዶ ብርሃን በግልጽ የሚያሳልፍ ከሆነ ግድግዳው ተበልቷል፣ አንድ ቀን ጎማው ውስጥ ባለው ነፋስ ግፊት ይፈነዳል።

ከዚያ ኩሽኔታው። ጎማውን ይዛችሁ ወደ ጎንና ጎን ስትገፉት የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ፔርኖውን ፍቱ። የተለመደው የኋላ ሞዞ (ፔርኖው የሚያልፍበት የጎማው እምብርት) በየጎኑ 9 ባለ 1/4 ኢንች ኳሶች፣ የፊቱ በየጎኑ 10 ባለ 3/16 ኢንች ኳሶች ይይዛል። ኳስና ግሪስ ርካሽ ነው። የሚወስነው ኳሶቹ የሚሮጡበት ገጽ ነው። ፔርኖው ላይ የተጠመጠመው ሾጣጣ ዳዶ ተቦርቡሮ ከሆነ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ሞዞው ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ገጽ ከተበላ ግን አዲስ ኳስ ብታስገቡበትም በጥቂት ሳምንት ወደ ቀድሞው ይመለሳል፣ ከነቸርኬውና ከነሞዞው ሙሉ ጎማ ግዙ።

እስካሁን ያለው ጥገና ነው። ማሻሻል የሚባለው ሌላ ነገር ነው፣ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ዕቃ ሲለወጥ ጎረቤቱን ጎትቶ ይመጣል። ባለ ዘንግ ፍሬኑን ሳይክል እንውሰድ። ባለቤቱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ዝናብ ላይ የሚይዝ ፍሬን። የዘንግ ፍሬን ጫማ ቸርኬውን የሚይዘው ከጎን አይደለም፣ ከውስጥ ወደ ላይ ተስቦ ነው። ስለዚህ የዚያ ቸርኬ ጎኑ ክብ ነው፤ የተለመደውን ከጎንና ከጎን የሚቆነጥጥ ፍሬን የሚቀበል ጠፍጣፋ ግድግዳ የለውም። ብረት ስለሆነም ሲረጥብ ያንሸራትታል። ፍሬኑን ለመቀየር ሁለቱም ቸርኬ መቀየር አለበት። በ635 የአሉሚኒየም ቸርኬ ከማግኘት 622 ማግኘት ይቀላል፤ 622 ሲገባ ደግሞ ቸርኬው ወደ መሐል በ6.5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ ስለዚህ ክንዱ ረዘም ያለ ፍሬን ያስፈልጋል። ፍሬኑ በካቮ ስለሚሠራ የእጅ መያዣው፣ መያዣው የሚታሰርበት መሪ፣ ሁለት ካቮ ከነሽፋኑ፣ ሁለት ጎማ፣ ሁለት ካላማዳሪ ይከተላሉ። አንድ ፍሬን ብሎ የተነሳ ሰው ከሳይክሉ ግማሽ በላይ ገዝቷል። ለጠፍጣፋ ከተማና ለቀስታ ጉዞ ያን ሳይክል እንዳለ፣ አዲስ የፍሬን ጫማ አድርጎ መንዳት ይበቃል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ግን እንደዚያ ያለ ፍሬን አይሆንም፤ እዚህ ላይ ሌላ ሳይክል መግዛት ይረክሳል።

ፔዳሉ በእያንዳንዱ ዙር «ቋ» የሚል ከሆነ ደግሞ ሰዎች ቶሎ ተስፋ ይቆርጣሉ። እንደ ባለ ዘንግ ፍሬኑ ባለ አሮጌ ሳይክል ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ የፔዳሉን ክንድ ከፔርኖው ጋር የሚይዘው ሾጣጣ ፒን ነው። ዳዶውን ከፒኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ፍቱ፣ ጥርሱ እንዳይጨፈለቅ ነው። ክንዱን ከሥር በብረት ቱቦ ደግፉና ፒኑን በአንድ ጠንካራ ምት አስወጡት። አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ 9 እና 9.5 ሚሊ ሜትር አሉና። የሁለቱ ጎን ፒኖች በተቃራኒ አቅጣጫ መግባት አለባቸው፤ ካልሆነ ሁለቱ ፔዳሎች ቀጥታ መስመር ላይ አይሆኑም።

በቪ ፍሬን ጉዳይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቪ ፍሬን፣ ማለትም በሁለት ረጃጅም ክንዶች ቸርኬውን ከጎንና ከጎን የሚይዘው፣ ከሌሎቹ እጥፍ የሚጠጋ ካቮ ይስባል፤ ስለዚህ ከራሱ መያዣ ጋር መገዛት አለበት። ከድሮ መያዣ ጋር ከተገጠመ መያዣው መሪውን እስኪነካ ይሄዳል፣ ፍሬኑ ግን ገና አልያዘም። ዲስክ ፍሬን ደግሞ ማሰሪያው ፍሬሙ ላይ ከሌለ እርሱት። የሚጨመሩ ማሰሪያዎች ይሸጣሉ፣ ግን ፍሬሙ ያንን ጉልበት በዚያ ቦታ እንዲሸከም አልተሠራም።

ስለ ማርሽ። ባሕር ዳር ውስጥ ማርሽ የሌለው ሳይክል ምንም አይጎድለውም። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል፤ አየሩ ሳስቶ ዳገቱ በርትቶ ሲገናኙ ቀላል ማርሽ ቅንጦት አይደለም። ደስ የሚለው ይህ ማሻሻያ ብዙ ዕቃ አይጎትትም። ማርሽ የሌለው ሳይክል ፊት 44 ኋላ 18 ጥርስ ከሆነ፣ የኋላውን በ22 መለወጥ ዳገቱን በ18 በመቶ ያቀለዋል። ትልቁ ጥርስ ተጨማሪ ሰንሰለት ስለሚወስድ የኋላው ጎማ 12.7 ሚሊ ሜትር ወደፊት ይመጣል፤ የጆሮው ክፍተት ያን ያህል ካላስኬደ ሰንሰለቱ ላይ አንድ ኢንች፣ ማለትም አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ አንጓ፣ ብትጨምሩ ጎማው በቀድሞ ቦታው ይቀመጣል። ባለ 21 ማርሽ ከሆነ የኋላውን ባለ 7 ደረጃ የጥርስ ክምር ከ14–28 ወደ 14–34 ቀይሩት። ሰንሰለቱን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው መቀየሪያ 34 ጥርስ የሚችል መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ እስከ 28 ብቻ የሚችሉ አሉ፣ እነሱ ላይ ሰንሰለቱ ይወጠርና መቀየሪያውን ገንጥሎ ራጂ ውስጥ ይከተዋል። ከ7 ወደ 9 ወይም 10 ማርሽ መሄድ ግን በአሮጌ ሳይክል ላይ አይመከርም፤ መቀየሪያው፣ የእጅ መምረጫው፣ ሰንሰለቱ፣ ሞዞው ሁሉ ይለወጣል። የኋላው ጆሮ ስፋትም አለ፤ አሮጌ የመንገድ ሳይክል 126 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው 130፣ የተራራው 135 ነው። የብረት ፍሬም ከ126 ወደ 130 ቀስ ብሎ ይከፈታል። አሉሚኒየም አይሞከርም።

ሰንሰለት ሲያረጅ ይረዝማል፤ ብረቱ ተለጥጦ አይደለም፣ ፒኖቹ ስለሚበሉ ነው። የብረት ማስመሪያ ያዙና ዜሮውን አንድ ፒን መሐል ላይ አድርጋችሁ 24 ፒን ወደፊት ቁጠሩ። አዲስ ሰንሰለት 30.48 ሴንቲ ሜትር ላይ ያደርሳል። 30.6 ካለፈ ሰንሰለቱን ብቻ ለውጡ። 30.8 ከደረሰ የኋላው ጥርስም አብሮ ተበልቷል። አዲስ ሰንሰለት በተበላ ጥርስ ላይ ሲጫን ዳገት ላይ ይዘላል፣ ሰው ግን ሰንሰለቱ የውሸት ነው ብሎ ሻጩን ይጣላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለማይረጋ እዚህ በብር መጻፉ ከንቱ ነው፤ በድርሻ ግን ይሠራል። የዕቃዎቹን ዝርዝር ጻፉና ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ሰንሰለት፣ የፍሬን ጫማና ካቮን አውጡት። እነዚህ በየጊዜው ስለሚያልቁ አዲስ ሳይክል ብትገዙም ውሎ አድሮ የምትገዟቸው ናቸው፣ የአሮጌው ዕዳ አይደሉም። የቀረው፣ ማለትም ቸርኬ፣ ሞዞ፣ የፔዳል ፔርኖ፣ ማርሽ፣ ፎርኬላ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) እና የእጅ ዋጋ፣ ተደምሮ ከተመሳሳይ አዲስ ሳይክል ዋጋ ግማሽ በታች ከሆነ አድሱት። ከግማሽ ካለፈ ተዉት። «ተመሳሳይ» የሚለው ላይ አትታለሉ፤ ደህና የብረት ፍሬም ያለውን ያገለገለ የአውሮፓ ሳይክል መንገድ ዳር ከተደረደረው ርካሽ አዲስ ጋር ማወዳደር አይገባም።

ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ሻንጣ ውስጥ የሚገባውን ያስመጣ፤ ሰንሰለት፣ የፍሬን ጫማ፣ የታሸገ የፔዳል ፔርኖ። ለፔርኖው የቱቦውን ስፋት ንገሩት፣ አብዛኛው 68 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንዳንድ የተራራ ሳይክል 73፣ የጣሊያን 70 ሆኖ ጥርሱም የተለየ ነው። የአሮጌውን ፔርኖ ርዝመትም ጨምሩ። ዕቃውን ከማስመሪያ ጎን አስቀምጦ ፎቶ መላክ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

አዲስ መግዛት ላይ ከተደረሰ፣ ፊትም ኋላም አሞርዛተር ያለውን ርካሽ ሳይክል እለፉት። ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ ጉልበታችሁን ሞላው ይበላዋል፣ የኋላው መጋጠሚያ ቡሽ ሲያልቅ ደግሞ ምትኩ አይገኝም። በዚያው ዋጋ አሞርዛተር የሌለው፣ ቪ ፍሬንና የአሉሚኒየም ቸርኬ ያለው ፈልጉ። አሮጌው ላይ አሞርዛተር ያለው ፎርኬላ መጨመርም ያው ነው፤ ፊቱን አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ያነሳዋል፣ መሪው ይዘገያል፣ ክብደትም ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ሞተር ለመግጠም ያሰበ ደግሞ ሞተሩን በአሉሚኒየም ፎርኬላ ላይ አያስር፤ ፔርኖው ሲጠማዘዝ ጆሮውን ይሰብረዋል። በብረትም ላይ ቢሆን ፔርኖውን የሚይዝ ተጨማሪ የብረት ክንድ ይታሰርበት። የዘንግ ፍሬን ባለው ሳይክል ላይ ሞተር መግጠም ግን በፍጹም።

አዲሱን ሳይክል ከሱቅ ስትረከቡ ተገጣጥሟል ብላችሁ አትመኑ። ፔዳሎቹን ፈትታችሁ በእጅ እንደገና አስገቡ፤ የግራው የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፣ አራት አምስት ዙር በጣት ካልገባ ጥርሱ ተዛንፏል። የሞዞዎቹን ግሪስ እዩ፣ ብዙ ጊዜ ደረቅ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ራጂዎቹ ይላላሉ፣ አንድ ጊዜ ይጠበቁ። የግራውን ፔዳል ክንድ ቡሎን በተለይ ደጋግማችሁ አጥብቁ፤ ላልቶ ጥቂት ከተነዳ የአሉሚኒየሙ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ቢጠበቅ አይይዝም፣ ክንዱ ይገዛል።